ያልተቀባችው ነጥብ

በላካዋና በኩል፣ ከብረት ፋብሪካው ጀርባ፣
ሐይቁ በረዶውን ከተማው ላይ ሲያራግፍ እንደ አሮጌ ካባ፣
ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከጫማ ሰፊው ሱቅ በላይ፣
አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ መብራት፣ ጠባብ ሰማይ።

ኦርቪል ካሚንስኪ በእርሳስ ይነድፋል፤
እኔ በቀለም እከተላለሁ፤ እሱ ባለፈበት እጄ ያልፋል።
አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስሜ መጽሐፉ ላይ የለም።
ደመወዝ ሲከፍል «ረዳት» ይለኛል፤ ሲቆጣ «አንቺ ቀለም!»

የምንሥለው ጀግና ስሙ ጭስ-ለባሽ ነው፤
ከጣራ ጣራ የሚሻገር፣ ፊቱን ማንም ያላየው።
ከጎኑ አንድ ልጅ አለ፤ ፍም ይሉታል፤
አሥራ ሦስት ዓመቱ፣ ጭንብሉ ይሰፋዋል፣
ጓንቱን በጥርሱ ያጠብቃል፣
ጌታው ሁለት ቃል ሲናገር እሱ ሃያ ይመልሳል።

«ልጅ ለምን አስፈለገው?» አልኩት አንድ ማታ፣
የልጁን ጉልበት ስቀባ፣ የተላጠውን ቦታ።
«ብቻውን የሚሄድ ሰው ለማን ይናገራል?
የሚሳሳለት ከሌለው በምን ይፈራል?»
አለና ሳለ፤
ሳሉ ከሥዕሉ ቀደመ፣ እርሳሱ ባየር ላይ ዋለለ።

በዚያ ክረምት እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ።
ቀጥ ይል የነበረው የጣራ ጠርዝ፣ ውሃ ላይ እንዳረፈ ጥላ ተሰበረ፤
የጀግናው መንጋጋ፣ ያ የድንጋይ መንጋጋ፣ ሊያለቅስ የከጀለው ሕፃን መስሎ አደረ።
ምንም አላልኩም። ብሩሼን በከንፈሬ አሾልኩ፣
በተንቀጠቀጠው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ጎተትኩ፣
ቀለሙ ሲደርቅ ላጲሴን አንስቼ የታችኛውን ፋቅኩ።
ሥራው እንዲህ ነውና፦ እርሳሱ ሰም ነው፣ ይቀልጣል፤
ቀለሙ ይቀራል፣ እሱ ወርቅ ይባላል።
ግን ያን ሰሞን፣ የላጲስ ፍርፋሪ ከጉልበቴ ላይ ሳራግፍ፣
ጥያቄ ያዘኝ፦ ወርቁ የቱ ነው? የቆመው ወይስ የሚረግፍ?

ከኒውዮርክ ደብዳቤ መጣ፣ ባለሦስት መስመር፦
«ገበያ ቀዝቅዟል። በቁጥር አርባ አንድ ልጁ ይቀበር።
አንድ ገጽ ይበቃዋል። ለሽፋኑ ቀይ ቀለም አትቆጥቡ።»
ኦርቪል አጣጠፈው። መነጽሩን አወለቀ። ቆየ ከነሐሳቡ።

ሃያ አንድ ገጽ ነደፈ። በሃያ ሁለተኛው ላይ
መጋዘኑ ይነዳል፤ ጭስ-ለባሽ ይደርሳል፣ ዘግይቶ፤
ከአመዱ መሀል ባዶ ጓንት ያነሳል፣ አንገቱን ደፍቶ።
ከኅዳጉ ላይ፣ በተወላገደ ፊደል፣ ለእኔ የተጻፈ፦
«ይህን እኔ አልችልም። አመዱን አንቺ ሙዪው። እጄ ሰነፈ።»

ሌሊቱን ሙሉ አመድ ቀባሁ። ግራጫ፣ ጥቁር፣ ግራጫ።
ከታች የፋብሪካው ጥሩንባ ጮኸ፣ የፈረቃው መውጫ።
እሳት አመድ ወለደ ይላሉ፤ የወግ ስላቅ ነው፤
አመድ እሳት እንደሚያሳድር ግን ማን ነገራቸው?
አባቴ የከሰል ምድጃችንን ሲያዳፍን አይቻለሁ፦ ከላይ የሞተ ይመስላል፣
ከስር አንድ ፍሬ ቀይ ዓይኑን ገልጦ ያድራል።
ስለዚህ አንዲት ነጥብ፣ ከጓንቱ በስተግራ፣ እንደ ሰናፍጭ፣
ሳልቀባ ተውኳት። ነጭ። የወረቀቱ ነጭ።

ጠዋት ኦርቪል መጣ፣ በረዶ ከባርኔጣው እያራገፈ፤
ማጉያውን ይዞ ገጹ ላይ ቀስ ብሎ ተንሳፈፈ።
«እዚህ ጋ ቀለም ረስተሻል።»
«አልረሳሁም።»
ሳለ፣ ወይም ሳቀ፤ በዚያ ደረት ውስጥ መለየት አይቻልም።
ከዚያ ላጲሴን አንስቶ ኪሱ ከተተው።
«ይቺን ገጽ እንዳትፍቂያት» አለ። ሌላ ቃል አልወጣው።

ቁጥር አርባ አንድ ወጣ። ስለ ነጥቧ ማንም አልተነፈሰ፤
ከቶሊዶ አንድ ፖስታ ብቻ፣ በልጅ እጅ የተጻፈ፣ ዘግይቶ ደረሰ፦
«ፍም አልሞተም። በቀስት አሳይቻለሁ። እዩት።»
ኦርቪል መልስ አልጻፈም። ወረቀቷን ከመብራቱ አንገት ላይ ሰካት።

በታተመው ላይ የእርሳስ ዱካ የለም፤ ማሽኑ ግራጫ አያይም።
ዋናው ገጽ እኔ ጋ ነው። ኦርቪል ግን የለም።
ወደ መስኮቱ ሳዘነብለው፣ ሐይቁ ሲያበራበት፣
ከቀጥተኛው መስመሬ ስር አንድ ሌላ መስመር አለ፣
ግራጫ፣ የሚንቀጠቀጥ፣
ብርድ እንደመታው ልጅ
ከሰው ካባ ስር የተጠለለ።